አንድ ታብሌት ለአምስት ልጅ

እዩኤልን ያወቅሁት ተጣልቼው ነው። ደስ የሚል አጀማመር ነበረን ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው፤ የአሶሳ ዝናብ ገና አልወጣም። ከገበያው አጠገብ ባጃጅ ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አንድ ረጅም ልጅ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ ከጎኔ ገባ። እኔ ደግሞ የስድሳ ተማሪ ደብተር በፌስታል ይዣለሁ። ሾፌሩ አልጠግብ ብሎ ሦስተኛ ሰው ሲጨምር ካርቶኑ ጎኔን ወጋኝ፤ ፌስታሌ ተገፋና ግማሹ ደብተር ጭቃው ላይ ረገፈ።

«ኧረ ወንድሜ! ዕቃህን ያዝ እንጂ!»

«ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ! ካርቶኑን ብለቀው ይሰበራል ብዬ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ደብተር አይሰበርማ! ጭቃ ቢጠጣ ምን ቸገረህ!»

ባጃጁን አስቁሞ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠና በዚያ ዝናብ ወረደ። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ለቀመ፤ እያንዳንዱን በነጭ ሸሚዙ እየጠረገ ሰጠኝ። ሲጨርስ ሸሚዙ ሸሚዝ አይመስልም ነበር። ሳቄ መጣ፤ ግን ተናድጃለሁና ዋጥኩት።

«ምን ይዘህ ነው እንዲህ የምትሳሳለት?»

«ታብሌት ነው። አራተኛ ክፍል ላይ የሙከራ ትምህርት ልንጀምር ነው።» የትምህርት ቤቱንም ስም ነገረኝ።

«ወይ ጉዴ!» አልኩ። ትምህርት ቤቱ የእኔ ነው። አራተኛ ክፍልም የእኔ ክፍል ነው።

ስርጉት ደባልቄ እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አባቴ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ እኔ ግን አሶሳ ዳር ካለው መንደራችን ሌላ አገር አላውቅም። እዩኤል ከሐዋሳ የመጣ፣ ታብሌቶቹን በላከው ድርጅት የተቀጠረ አሠልጣኝ ነበር።

በማግስቱ ርዕሰ መምህራችን አቶ ኦልጅራ ስብሰባ ጠሩ። መምህሩ ሁሉ ስለ ታብሌቱ ሲያወራ፣ አንዱ ዘመን መጣልን ሲል ሌላው መብራት በሌለበት ሲል፣ እኔ እጄን አወጣሁ።

«ከልጆቼ ግማሾቹ ቤታቸው የሚናገሩት በርታ ነው። አማርኛን የሚሰሙት ከእኔ አፍ ነው። መስታወት እየነካኩ ማንበብ ይማራሉ ብላችሁ ነው? መጀመሪያ መጽሐፍ ስጡኝ!»

እዩኤል ብድግ አለ። «ቲቸር ስርጉት ያለችው እውነት ነው። ግን ለስድሳ ልጅ አንድ አፍ ብቻ ነው ያላት። ይሄ አሥራ ሁለት አፍ ይጨምርላታል።»

«አፍማ አለኝ! ለስድሳም ይበቃል!»

«እሱን ባጃጅ ውስጥ አይቻለሁ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ኦልጅራ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። እኔ ተቃጠልኩ። እሱ ግን አይስቅም፤ እኔን እያየ ነበር። ዓይኔን መለስኩ፤ ደግሜ ሳይ አሁንም እያየኝ ነው።

በመጨረሻ ሙከራው በእኔ ክፍል እንዲሆን ተወሰነ። አሥራ ሁለቱን ታብሌት በስሜ ፈርሜ ተረከብኩ። በመንግሥት ንብረት ላይ የፈረመ መምህር ምን እንደሚፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው አንድ ለአምስት ተደራጅተዋል፤ በየቡድኑ ካሉት አምስት ልጆች አንዱ ጎበዝ መሪ ነው። እኔም ክፍሉ ፊት ቆሜ አወጅኩ፦

«ታብሌቱን የሚነካው መሪው ብቻ ነው! ሌላ ጣት እንዳላይ!»

እዩኤል ያን ቀን አልነበረም። ይቺን ትእዛዝ ያዙልኝ፤ ጥፋቱ የተጀመረው ከእሷ ነው።

ወር ወርን እየወለደ ሄደ። እዩኤል በየቀኑ ይመጣል። ከትምህርት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጠን እሱ ታብሌቶቹን በሶላሩ ቻርጅ ያደርጋል፣ እኔ ደብተር አርማለሁ። እንከራከራለን። እሱ «ዓለም ጥሎን እየሄደ ነው» ይላል፤ እኔ «ልጁ ፊደል ሳይለይ የት ልትወስደው ነው?» እላለሁ። አንዳንዴ ክርክሩ ያልቅና ዝም እንላለን። እኔ ዝምታ አልወድም፤ ከእሱ ጋር ግን አልከበደኝም።

ክፍሌ ውስጥ ኑራ የምትባል ልጅ ነበረች። አንገቷን ደፍታ ገብታ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ስጠራት እንኳ «አቤት» አትልም። አንድ ቀን እዩኤል ከጎኗ ተንበርክኮ «ተረት ታውቂያለሽ? በቋንቋሽ ንገሪው፤ ይሰማሻል» ብሎ ታብሌቱን ሰጣት። ኑራ ወደ እኔ አየች። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። ተናገረች፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ ድምፅ አውጥታ፣ እጇን እያወናጨፈች። ቅጂውን ለክፍሉ ሲያሰማ በርታ የሚናገሩት ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ። ቋንቋውን የማናውቀውም አብረን ሳቅን። ኑራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ክፍሉን አየች።

እኔ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሬ አለቀስኩ። ወደድኩት። በቃ፣ ሌላ የምለው የለኝም፤ ያን ቀን ወደድኩት።

እሱ ደግሞ ከቀደመኝ ቆይቷል። «ከባጃጁ ቀን ጀምሮ ነው» አለኝ፣ ጥር ላይ።

«ስሰድብህ?»

«ተሳድበሽ ስትጨርሺ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፈሽ ጠበቅሽልኝ እኮ።»

አባዬ ወሬውን ሲሰማ አልተቆጣም። ማታ እራት ላይ ጉርሻውን አስቀምጦ በቀስታ ነው የነገረኝ።

«ጥሩ ልጅ አይደለም አላልኩም። ግን የፕሮጀክት ሰው ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። እኔ አንዴ ከአገሬ ተነቅያለሁ። አንቺ ተነቅለሽ ስትሄጂ ማየት አልፈልግም።»

ይህንን ለእዩኤል ስነግረው የያዘውን ታብሌት አስቀመጠ። ከዚያ «ሚያዝያ ላይ የውጤት ስብሰባ አለ» አለኝ። «ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ሥራው ወደ ሃያ ትምህርት ቤት ይሰፋል፤ እኔም ሁለት ዓመት እዚሁ እቆያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቋሚ ሥራ እይዛለሁ። ሽማግሌ የምልከው በስብሰባው ማግስት ነው።»

«ውጤቱ ጥሩ ካልሆነስ?»

«በግንቦት ወደ ሐዋሳ እመለሳለሁ። ግን ጥሩ ነው እኮ፤ አላየሽም እንዴ?»

አይቻለሁ። በታብሌቱ በሚሰጠው የንባብ ፈተና አማካይ ውጤት ዘጠና አንድ። በትምህርት ቤታችን እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። አቶ ኦልጅራ በየደረሱበት ያወሩታል። እኔም በስብሰባው ላይ እንደ ክፍሉ መምህርት እንድመሰክር ተያዘልኝ። ከሃያ ትምህርት ቤት ይልቅ ያቺ «ማግስት» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። የምለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር መርጬ ነበር።

ስብሰባው አራት ቀን ሲቀረው የኑራ እናት ሀምዲያ ክፍሌ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሕፃን አዝላለች። በእጇ የጤና ጣቢያ የመድኃኒት ፖስታ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ኑራ ዘጠና አራት አመጣ ብለህ ወረቀት ላክህ» አለችኝ፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አዎ ሀምዲያ፣ ጎበዝ ናት።»

«ይሄን አንብብ አልኩት። አላነበበም። አለቀሰ።» ፖስታውን ዘረጋችልኝ። ‹በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ› ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

«ታዲያ ለሕፃኑ መድኃኒቱን እንዴት ሰጠሽው?»

«አልሰጠሁም። ፈራሁ። ሁለት ቀን ሆነ።» ከዚያ ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ ዘጠና አራት ምንድን ነው?»

ጽሑፉን አነበብኩላት፤ የመጀመሪያውንም ለሕፃኑ እዚያው ሰጠነው። እሷም ሕፃኗን አዝላ ሄደች።

ክፍል ገብቼ የኑራን ቡድን ጠራሁ። ታብሌቱን ከመሪዋ ከሕብረት ተቀብዬ ለኑራ ሰጠኋት። ኑራ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ቲቸር፣ የምትነካው ሕብረት ናት» አለ አንደኛው ልጅ። «እኛ እናያለን።»

«ፈተናውንስ?»

«እሱንም ሕብረት ናት። እኛ ሲያልቅ እናጨበጭባለን።»

አሥራ ሁለቱንም ቡድን ፈተሽኩ። ስድሳውንም ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፍኩት ሦስት መስመር አስነበብኳቸው። አሥራ ዘጠኝ ልጆች አነበቡ። አሥራ ሁለቱ የቡድን መሪዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ድሮም ያነቡ ነበር። ዘጠና አንዱ የአሥራ ሁለት ጎበዝ ልጆች ውጤት ነው፤ በአምስት በአምስት ስም ተሞልቶ።

እዩኤልን ጁስ ቤት ቀጠርኩት። ማንጎ አዝዞልኝ ነበር፤ አልነካሁትም። ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ እያየሁ መናገር ከብዶኝ ነበር፤ ቢሆንም ጨረስኩት።

«መሪው ብቻ ይንካ ያልሽው አንቺ ነሽ!» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ። ይሰበርብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱንም እናገራለሁ። አንተስ የአንዷን ውጤት በአምስት ልጅ ስም ስትሞላ ምነው አልጠየቅህ?»

የጁሱን መምጠጫ ያጣምም ጀመር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስርጉቴ፣ ስብሰባው ይለፍ። ውሉ ይታደስ። ከዚያ እኔና አንቺ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን» አለ።

«ከዚያማ ሃያ ትምህርት ቤት በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስንት ሀምዲያ ናት በየበሩ የምትመጣው?»

«ከተናገርሽ እኔ እሄዳለሁ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እናገራለሁ።» እንባዬ መጣ፤ በመዳፌ ጠረግሁት። «እወድሃለሁ እዩኤል። ግን እናገራለሁ።»

ተነስቶ ወጣ።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነው። ከትምህርት ቢሮ የመጡ፣ ከድርጅቱ የመጡ፣ ወላጆችም ነበሩ። አባዬ ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ከፊት ተቀምጧል። እዩኤል ሪፖርቱን አቀረበ። ዘጠና አንድ ሲል ድምፁ ሰለለ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት መሰለኝ። ተጨበጨበ። ከዚያ ስሜ ተጠራ።

ቆምኩ። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።

«የሰማችሁት ቁጥር እውነት አይደለም» አልኩ። «ከስድሳው ልጅ የሚያነቡት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ጥፋቱ መጀመሪያ የእኔ ነው። ንብረቱ በስሜ ስለሆነ ይሰበራል ብዬ ልጆቹን እንዳይነኩት ከለከልኩ። አርባ ስምንት ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያይ ከረመ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አቶ ኦልጅራ ግንባራቸውን ያዙ። ከድርጅቱ የመጣው ሰውዬ፣ «ስለዚህ ታብሌት ከክፍል ይውጣ ነው የምትይው?» አለኝ።

«አላልኩም! ኑራ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ አፏን የፈታችው በታብሌቱ ነው። በየልጁ እጅ ይግባ ነው የምለው። ተራ በተራ ይያዙት፣ ጮክ ብለው ያንብቡበት፣ እኛም እንስማቸው። ቢሰበር ይሰበር፤ ፈርሜያለሁ፣ እጠየቅበታለሁ። ልጆቹ ሳያነቡ ወደ አምስተኛ ክፍል ሲያልፉ ግን ማን ነው የሚጠየቀው?»

ሥራውን የማስፋቱ ነገር ለጊዜው እንዲቆም ተባለና ስብሰባው ተበተነ። እዩኤል ኮምፒውተሩን ዘግቶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያየኝ ወጣ። አባዬ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ እዩኤልን ክፍሌ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። እጁ ላይ አንድ ደብተርና እርሳስ አለ።

«ቲቸር፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ላዳምጣቸው ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ለምን?»

«አሥራ ዘጠኝ ያልሽው እውነት መሆኑን ማወቅ አለብኝ። ካልሆነ እከራከርሻለሁ።»

«ከሆነስ?»

«እፈርማለሁ።»

አራት ቀን ማንጎው ሥር ተቀምጦ ልጅ ሲያዳምጥ ዋለ። አላዋራውም፣ አያዋራኝም። በመስኮት አየዋለሁ፤ ልጅ ሲሳሳት አይቆጣም፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ አይዞህ ብሎ ይልከዋል። በአራተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ተሳስተሻል» አለኝ።

«እንዴት?»

«አሥራ ሰባት ናቸው። ሁለቱ ሰሌዳው ላይ የጻፍሽውን ከሌሎቹ ሰምተው በቃላቸው ይዘውት ነው።»

ሳቅሁ። ስቄ ስቄ አለቀስኩ። እሱም ሳቀ፤ ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«እናገራለሁ ስትዪኝ ጠልቼሽ ነበር» አለ።

«እስከ መቼ?»

«ለአንድ ቀን ተኩል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።»

አዲሱን ሪፖርት በራሱ ስም ጽፎ ላከ፤ አሥራ ሰባት ከስድሳ፣ ስህተቱም የእኔ ነው ብሎ። ድርጅቱ ስለ ቅንነቱ አመሰገነውና በሳምንቱ ውሉን አቋረጠው። ታብሌቶቹን ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተወልን። እዩኤል ሐዋሳ አልሄደም። ገበያው ውስጥ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሞባይል መጠገን ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት አንድ ሰዓት ከልጆቼ ጋር ይቀመጣል፤ የሚከፍለው የለም። ልጆቹ ታብሌቱን ተራ በተራ ይይዛሉ፣ እኔ መጽሐፍ አስነብባለሁ፣ ክርክራችንም አልቆመም። ግንቦት ላይ አንዱ ታብሌት ከኑራ እጅ ወድቆ ተሰነጠቀ። እዩኤል ጠገነው፤ እኔም አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፌ አስገባሁ፤ ማንም አልሞተም። ሰኔ ሲገባ አርባ አራት ልጆች ያነቡ ነበር።

በዚያው ሰኔ አንድ እሑድ የእዩኤል ሽማግሌ መጣ። አቶ ኦልጅራና አንድ አዛውንት ጎረቤታቸው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ከአቶ ኦልጅራ ጎን ሀምዲያ ሕፃኗን አዝላ ገባች። የሴት ሽማግሌ በመንደራችን ታይቶ አያውቅም። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ስንጥቅ አያለሁ።

አቶ ኦልጅራ እንደ ወጉ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ተናገሩ። አባዬም እንደ ወጉ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ ዘመድ አማክረን፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለ። የእኛ ሰው በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። ሁለቴ ሦስቴ ያመላልሳል፤ ክብሩ እሱ ነው።

«ለምን እመለሳለሁ?» አለች ሀምዲያ።

አባዬ ደነገጠ። «ወጉ ነው፣ እመቤት።»

«መንገድ ሩቅ ነው። ልጅ አዝያለሁ። አሁን ንገረኝ።»

አቶ ኦልጅራ ሳቃቸውን በሳል ደበቁ። አባዬ ግን አልሳቀም። «ልጁ ቋሚ ሥራ የለውም» አለ። «ነገ ይሄዳል ብዬ ነው የምፈራው። ምን አለው?»

«ኑራ ያነባል» አለች ሀምዲያ። «ሥራ ሲሄድበት አልሄደም። ሌላ ጊዜ ለምን ይሄዳል?»

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ስርጉት!» ብሎ ተጣራ። ወጣሁ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

«ምን አይተሽበት ነው?»

የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «አባዬ፣ ሰው ሁሉ ፊት ሥራህ ውሸት ነው አልኩት። በማግስቱ መጥቶ ልጆቹን ቁጭ ብሎ አዳመጠ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ አላገኝም።»

አባዬ አየኝ። ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ እንደማያለቅስ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በሉ ለልጁ ንገሩት» አለ። «አንድ ቀን መጥቶ ፊቴ ይቀመጥ፤ እኔው ራሴ ልየው።»

«በር ላይ ነው» አለች ሀምዲያ።

«ምን?»

«ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። ብቻዬን አልመጣም፣ አድርሰኝ አልኩት።»

ሙሽራ ሽማግሌ ሲልክ አብሮ አይመጣም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። አባዬ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሀምዲያ አየ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ምን እንደሚል ለመስማት አልጠበቅሁም። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ።